እንጨት ያልተገኘባቸው ቤቶች

በጥር ወር አጋማሽ፣ የእንጦጦ ነፋስ ደርቆ የባሕር ዛፉን ቅጠል በሚያንኮሻኩሽበት ሰሞን፣ ጋሮማ መንጠቆ ያለውን የብረት ሚዛኑን በትከሻው አንግቶ ለአራተኛ ጊዜ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣ። ላይኛው ሰፈር ከእንጦጦ ማርያም በስተምሥራቅ፣ በየካ በኩል ባለው ገመገም ላይ ተበታትኖ የተሠራ መንደር ነው። ታክሲው ከታች ካወረደው በኋላ ያለው መንገድ በእግር ነው። ጋሮማ በዚያ ዳገት ላይ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ትንፋሹን ይቆጥባል።

መንገዱን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ከሃያ ሁለት ዓመቱ እስከ ሠላሳ አምስት ዓመቱ በዚያው ደን ዘበኛ ነበር፤ ጭራሮ ለቅመው የሚወርዱትን ሴቶች በመንገድ ጠብቆ ሸክማቸውን የሚያስጥል፣ ካመለጡትም ቤታቸው ድረስ ተከትሎ በር ገፍቶ የሚገባ ዘበኛ። በኋላ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰ፤ የኤሌክትሪክ ዲፕሎማ ያዘ፤ የኃይል ሥራዎችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ውስጥ መርማሪ ሆኖ ተቀጠረ። አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጡረታ ለመውጣት አምስት ወር ቀርቶታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ለላይኛው ሰፈርና በዙሪያው ላሉ ስድስት መቶ አርባ ቤቶች የኤሌክትሪክ ምድጃ በነጻ ታድሎ ነበር። የአገሪቱን የበካይ ጋዝ ልቀት ለመቀነስ ከተያዙት ሥራዎች አንዱ ይህ ነበር፤ እንጨት ሲነድ ጢሱ ሰማይ ይገባል፣ ዛፉም ይመነጠራል፤ ምድጃው እንጨቱን ከተካ ግን ሁለቱም ይቀራሉ ተብሎ የታሰበ ነው። የጋሮማ መሥሪያ ቤት ድርሻ ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር መቆጣጠር ነው። መርማሪው ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየሦስት ወሩ በዕጣ በተመረጡ ሠላሳ ሁለት ቤቶች ገብቶ ያለውን እንጨት ይመዝናል፤ በማግስቱ ተመልሶ የጎደለውን ያሰላል፤ ምን ያህል ቶን ጋዝ ወደ አየር ሳይለቀቅ እንደቀረ የሚጻፈው ከዚያ ስሌት ተነሥቶ ነው። በሦስቱም ዙር የተገኘው ውጤት አንድ ዓይነት ነበር፤ ዜሮ። ከሠላሳ ሁለቱ ቤቶች በአንዱም እንኳ ሊመዘን የሚችል እንጨት አልተገኘም። አራተኛው ዙርም ዜሮ ከሆነ መዝገቡ ይዘጋል፤ ሥራው ወደ ሌሎች ክፍለ ከተሞች ይስፋፋል፤ የደኑ በርም ከየካቲት መባቻ ጀምሮ እንጨት ለቃሚ አያስገባም፤ እንጨት የሚያስፈልገው ሰው የለም ተብሎ ተመዝግቧልና።

ጋሮማ ወደ መንደሩ ከመግባቱ በፊት፣ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። ከዚያም በፊት፣ በዋዜማው፣ የመንደሩ ባለሱቅ ነገ እንደሚመጣ ለሰዎቹ እንድትነግርለት ስልክ ይደውላል። ይህን ማድረጉ ለራሱ የገባው ቃል ስለነበረ ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ዘበኛ ሳለ፣ አንዲት ሸክም ይዛ ያመለጠችውን ሴት ተከትሎ አንድ በር ገፍቶ ቢገባ፣ ያገኘው ከወለደች ስድስት ቀን የሆናትን አራስ ነበር። እንጨቱን ያመጣችላት ጎረቤቷ ናት። ጋሮማ የዚያን ዕለት ወጣትና ትእዛዝ አክባሪ ስለነበረ እንጨቱን ከአራሷ ራስጌ አንሥቶ ሄደ። አራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ብቻ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከዚያ ወዲህ ጋሮማ ሳይጣራ የማንንም ደጅ አልረገጠም።

ያቺ አራስ ዛሬ ወይዘሮ ኢፍቱ ናቸው፤ ባላቸው ዱሬሳ ከሞቱ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ቤታቸውም ከሠላሳ ሁለቱ አንዱ ነው።

"ያ ጋሮማ" አሉት በራቸው ላይ ቆመው፣ "ዛሬም ያንን ብረት ተሸክመህ መጣህ? እኛ ሸክም ብንተው አንተ ጀመርክ።"

"ምን ላድርግ እትዬ ኢፍቱ፤ የተጣለ ሸክም አንሺ አያጣም።"

"ድሮ አለሽ ብለህ ትወስድብኝ ነበር። አሁን የለኝም ስልህ ደግሞ ልትመዝነው ትመጣለህ። አንተን ሰው በምን ያስደስትህ?"

"የለም ካሉኝ የለም ብዬ እጽፋለሁ።"

"እንግዲያው ጻፍና ተቀመጥ።"

ቤቱ ተጠርጎ፣ ወለሉ ረጥቦ ነበር። ምድጃው በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጥልፍ ያለው ጨርቅ ለብሷል። የልጃቸው ሚስት አያንቱ ጨርቁን ገልጣ ሶኬቱን ሰካች፤ ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ አቀረበችለት። እኩለ ቀን ነበርና ምድጃው በደንብ ይግል ነበር፤ ድንቹም በሚገባ በስሏል። የስምንት ወር ልጇ ኪያ በጀርባዋ ላይ ታዝላ ሳል ያንፈራፍራት ነበር። ጋሮማ ቀና ብሎ ሕፃኗን አያት፤ ዐይኖቿ ያለቅሳሉ እንጂ እሷ አታለቅስም።

"ምን ሆናለች?"

"የጥር ብርድ ነው" አሉ ወይዘሮ ኢፍቱ ከአያንቱ ቀድመው።

ጋሮማ በቅጹ ላይ ዜሮ ጻፈ። በማግስቱም ተመልሶ ዜሮ ጻፈ። ሠላሳ ሁለቱም ቤቶች እንዲሁ ሆኑ።

ምዘናው ባለቀ ማግስት፣ ረቡዕ ዕለት፣ በቢሮው ውስጥ ሊሊሳ የሚባለው ወጣት መሐንዲስ ላፕቶፑን ከፍቶ ወደ ጋሮማ ጠረጴዛ መጣ። ሊሊሳ ከሦስት ሳምንት በፊት በላይኛው ሰፈር ትራንስፎርመር ላይ የኃይሉን መጠን ሌት ተቀን የሚመዘግብ መሣሪያ ገጥሞ ነበር። ሥራው ከምዘናው ጋር አይገናኝም፤ ለሌላ ጥናት ነበር።

"ጋሽ ጋሮማ፣ ይቺን ግራፍ ይዩልኝማ። እኔ መሣሪያው ተበላሽቶ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ቼክ አድርጌያለሁ።"

"ምን ትላለች?"

"ቀን ቀን ኖርማል ነው፤ ሁለት መቶ አሥር ቮልት። ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግን ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይኸው፤ መቶ ሠላሳ ስምንት። እስከ ሦስት ሰዓት እዚያው ነው። በየቀኑ።"

"በዚያ ቮልት ምድጃው ምን ያደርጋል?"

ሊሊሳ ሳቅ አለ። "ይሞቃል። እጅ ለማሞቅ አሪፍ ነው። ወጥ ግን አይሠራም፤ የሚያገኘው ኃይል ከግማሽ በታች ነው። ትራንስፎርመሩ እኮ ድሮ ለአምፖል የተተከለ ነው። ያን ሁሉ ምድጃ ማን እንደጫነበት እንጃ።" ከዚያ ትንሽ አሰበና ያለ ምንም ተንኮል ጠየቀ፤ "እርስዎ ግን ዜሮ እንጨት ነው ያሉት አይደል? ታዲያ ራታቸውን በምን ይሠራሉ?"

ጋሮማ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሦስት ዙር፣ ከአሁኑ ጋር አራት ዙር፣ በአንድ መቶ ሃያ ስምንት ቅጾች ላይ የጻፈው ቁጥር በዐይኑ ላይ መጣ። ሁሉንም ቤት የጎበኘው በቀን ነው። ሁሉም ቤት መምጣቱን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ወለሉ ረጥቦ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው፤ አመድ የተጠረገበት ወለል ካልረጠበ ይቦንናል።

የዚያኑ ዕለት ወደ ሲግናል፣ ወደ ቤቱ፣ መግባት ሲገባው የሽቅቡን ታክሲ ያዘ። ለባለሱቋ አልደወለም። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እግሩ ከልማዱ የተነሣ ቆመ፤ አፉ ግን አልተከፈተም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ የግንዶቹ ጥላ መንገዱን አቋርጦ ተጋድሟል። ከመንደሩ ቤቶች በአንዱም ጓሮ ጢስ አይታይም። ይህ መልካም መስሎት ሊመለስ ምንም አልቀረውም ነበር። ዳሩ ግን ወይዘሮ ኢፍቱ ቤት አጠገብ ሲደርስ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር፣ ግድግዳውና ክዳኑ በሚገናኙበት ስንጥቅ፣ ቀጭን ጢስ ግድግዳውን ተከትሎ ሲሾልክ አየ። ወደ ላይ አይወጣም። ተደብቆ እንደሚሄድ ሰው ግድግዳውን ታክኮ ይወርዳል።

አንኳኳ።

በሩን የከፈተችው አያንቱ ናት። ዐይኖቿ ደም መስለዋል። ከኋላዋ የውስጠኛው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ይታያል፤ መስኮት የሌለው መኝታ ቤት ነው። በመካከሉ በሦስት ድንጋይ ላይ ድስት ተጥዷል፤ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ይነዳል፤ የግድግዳው ቀዳዳ ሁሉ በጆንያ ተጠቅጥቋል። ወይዘሮ ኢፍቱ በነጠላቸው ጫፍ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። ኪያ ከአልጋው ላይ ተኝታለች።

ወይዘሮ ኢፍቱ ቀና ብለው አዩት።

"ዘበኛው ተመለሰ" አሉ በለሆሳስ።

ጋሮማ ይህን ሲሰማ ከዚያ ቤት ወጥቶ ቁልቁል ቢሮጥ በወደደ። ግን ቆመ።

"እትዬ ኢፍቱ፣ ለምን ውስጥ?"

"ውጭ ብናነድ ይታያላ።"

"ማን ያያል?"

"አንተ ታያለህ። ጎረቤት ያያል።" በአገጫቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ አመለከቱ። "እሷም ታያለች።"

ከዚያ ነገሩን ቀስ እያሉ፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ ነገሩት። ምድጃው በታደለ ዕለት ባለሥልጣናት መጥተው ድንኳን ተተክሎ ነበር። በሰፈሩ ስም ተቀብለው እንዲያመሰግኑ የተመረጡት እሳቸው ናቸው። ምድጃውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ እንጨት ቢነድ የእንጦጦዋ ማርያም ትመስክርብኝ ብለው ማሉ። ያዘዛቸው ሰው አልነበረም። ደስ ስላላቸው ነው። ሠላሳ ዓመት እንጨት የተሸከመ ጀርባ በአንድ ቀን ቀና ሲል ሰው የሚናገረውን ማን ይመጥንለታል? ሴቶቹ ሁሉ እልል ብለው አሜን አሉ። አሜን ያለ ደግሞ እንደማለ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ምድጃው ማታ ማታ መቀዝቀዝ ጀመረ። ወይዘሮ ኢፍቱ አንድ ወር ራታቸውን ቆሎ በሉ። ከዚያ አንድ ቀን ሦስቱን ድንጋይ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቡ።

"ሌሎቹስ?"

"ሁሉም ቤት እንዲሁ ነው። ብቻ ማንም ለማንም አይናገርም። የኔን አፍ ነው የሚጠብቁት።"

"እንጨቱን የት ነው የምትደብቁት? ሠላሳ ሁለት ቤት ፈትሻለሁ።"

ወይዘሮ ኢፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "አሥራ ሦስት ዓመት ከአንተ ስንደብቅ ኖረን ይጠፋናል? ደግሞስ ነገ እመጣለሁ ብሎ ከሚደውል ሰው መደበቅ ምን ያቅታል። የምትመጣ ቀን ሁሉንም ከገደሉ ሥር እናወርደዋለን። ከሩቅ ስትጣራ ደግሞ የቀረውን እንጠርጋለን። እንግዳ አክብሮን ከመጣ እኛም እናከብረዋለን እንጂ።"

ጋሮማ ዝቅ ብሎ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የአገሪቱ መዝገብ ላይ የተጻፈውን ዜሮ የሠሩት ሁለት ጨዋነቶች ነበሩ፤ የእሱና የእነሱ።

"አንድ ነገር ይፈርሙልኝ" አለ። "ማታ ማታ መብራቱ ምድጃውን አያግልም የሚል አቤቱታ። የአንድ ደንበኛ ፊርማ ካለኝ መሥሪያ ቤቴ ትራንስፎርመሩን ቀይር ብሎ መብራት አቅራቢውን ድርጅት ሊያዝዘው ይችላል። ሥልጣኑ አለን።"

"የተሰጠኝን ስጦታ አይሠራም ብዬ ልክሰስ?"

"ስጦታውን አይደለም፤ መብራቱን ነው።"

"ለኔ አንድ ነው። ማርያምን ምስክር ጠርቼ በወረቀት ላይ እንጨት አነዳለሁ ብዬ ጣቴን ላትም? አልፈርምም።"

"ዜሮውን ካስገባሁት የደኑ በር በየካቲት ይዘጋል። ያን ጊዜ በምን ታበስላላችሁ?"

"እሱ ያውቃል።"

"ልጅቷስ?"

አያንቱ ይህን ጊዜ ከበሩ ላይ ሆና ተናገረች። "ማታ ስትተኛ ደረቷ ያፏጫል። ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር፤ ቤትሽ ጢስ አለ ወይ አሉኝ። የለም አልኳቸው።"

"አንቺ ዝም በይ" አሉ ወይዘሮ ኢፍቱ። ቁጣ ግን አልነበረበትም። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሮማ ወደ ክፍል ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ሀይማኖት ገባ። ዕድሜዋ ከአርባ ብዙ ያላለፈ፣ ፋይል ጎን ለጎን ደርድራ የምትሠራ፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። አራተኛው ሪፖርት በነጋታው፣ ዓርብ፣ መግባት ነበረበት።

"ፊርማዎ ብቻ ነው የቀረው አቶ ጋሮማ።"

"አልፈርምም። ቁጥሩ ውሸት ነው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "የማን ውሸት?"

"የኔ።"

የመመሪያውን መጽሐፍ ከፍቶ አሥራ ሰባተኛውን ገጽ አሳያት። ምርመራው ለነዋሪው አስቀድሞ ሳይነገር ይካሄዳል ይላል። እሱ በአራቱም ዙር አስቀድሞ ነግሯል። የሊሊሳን ግራፍም አጠገቡ አኖረ። ወይዘሮ ሀይማኖት ሁለቱን እያፈራረቀች ለረጅም ጊዜ አየች።

"የትኛው ቤት ውስጥ ምን እንዳዩ ይንገሩኝ።"

"ማታ በመኝታ ቤት እንጨት ሲነድ አይቻለሁ፤ የማን ቤት እንደሆነ አልናገርም። የኔን ጥፋት ግን በጽሑፍ እሰጣለሁ።"

"ይህ ምን እንደሚያመጣብዎ ያውቃሉ? አምስት ወር ነው የቀረዎት። ዲሲፕሊን ይቀርባሉ።"

"አውቃለሁ።"

"ሦስቱም ሪፖርት ይሰረዛል። ሌሎቹ ክፍለ ከተሞች የሚጠብቁት በእነዚህ ቁጥሮች ነው። አሥር ሺህ ቤት ያህል።" ግንባሯን በመዳፏ ዳበሰች። "ግን በመቶ ሠላሳ ስምንት ቮልት አሥር ሺህ ምድጃ ባድል ምን እቀንሳለሁ? ጢሱ ከጓሮ ወደ መኝታ ቤት መግባቱ ነው።"

"ይህንን ነው የምልዎ።"

"አቤቱታ አምጡልኝ ብል አያመጡም?"

"አይፈርሙም።"

"እንግዲያው ሌላ መንገድ አለ። ሌሎች መርማሪዎች ሳይነገር ይላኩ፤ ራት በሚሠራበት ሰዓት። የሚነድ እንጨት በዐይናቸው ካዩና ይህ ግራፍ ከተያያዘ ራሱ እንደ አቤቱታ ይቆጠራል። በዘጠና ቀን ውስጥ ትራንስፎርመሩን ቀይር ብዬ ለአቅራቢው ትእዛዝ እጽፋለሁ፤ እስኪቀየር ድረስም የደኑ በር እንዳይዘጋ አደርጋለሁ።" ቀን መቁጠሪያዋን ተመለከተች። "ሰኞ ማታ። ሠላሳ ሁለቱም ቤት በአንድ ጊዜ።"

ጋሮማ እጁን ስልኩ ወዳለበት ኪሱ ሰደደ።

"አቶ ጋሮማ፣ ሰፈሩ ከሰማ አለቀ። እንደገና ጠርገው ዜሮ ነው የሚያስገቡት። ከዚያ ወዲያ እኔም የማደርገው የለኝም። ይገባዎታል?"

"ይገባኛል።"

ጥፋቱን በአንድ ገጽ ጽፎ ፈረመ። የፈረመው ምን እንደሆነ በሚገባ የተገለጠለት በኋላ፣ ደረጃውን ሲወርድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሸሸውን ነገር በሌሎች እግር መልሶ ልኮታል። ሰኞ ማታ የማይታወቁ ሰዎች በእነዚያ በሮች ላይ ይቆማሉ። አንዲት ቃል ብትወጣው ሴቶቹ ከዚያ ኀፍረት ይድናሉ፤ ኪያም እዚያው ጢስ ውስጥ ትቀራለች።

ዓርብንና ቅዳሜን ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ሳይነካው ዋለ። ባለሱቋ ቅዳሜ ራሷ ደወለች፤ አላነሣውም።

እሑድ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣ። ለቅዳሴ ነው የምሄደው ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ቅዳሴውንም አስቀደሰ። ሕዝቡ ሲወጣ ወይዘሮ ኢፍቱ ከቅጥሩ አጥር ሥር ቆመው ይጠብቁት ነበር።

"ስሜን ጽፈሃል?"

"አልጻፍኩም።"

"የማንን ጻፍክ ታዲያ?"

"የኔን።"

ጎን ለጎን ሆነው ወደ መንደሩ በሚወስደው መንገድ ሄዱ። ነፋሱ ነጠላቸውን ይጎትታል። ወይዘሮ ኢፍቱ በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ፤ የሚያስቆማቸው ዳገቱ አልነበረም፣ ሳሉ ነው።

"ሰው ይልካሉ?" አሉ በአንዱ መቆሚያ ላይ።

ጋሮማ መንገዱን አየ።

"መቼ?"

ጋሮማ አፉን ከፍቶ ነበር። ሰኞ የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። ከፊታቸው አያንቱ ልጅዋን አዝላ ትሄዳለች፤ የሕፃኗ ራስ በእርምጃው ልክ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሳሏም አብሮ ይሰማል። ጋሮማ አፉን ዘጋ።

"ድሮ እንኳ እንዲህ አልጨከንክብኝም" አሉ ወይዘሮ ኢፍቱ። "ድሮ ስትመጣ ቢያንስ የጫማህ ኮቴ ይሰማ ነበር።"

"እትዬ ኢፍቱ…"

"በር ገፍተው ይገባሉ?"

"አይገፉም። ያንኳኳሉ።"

"አንኳክቶ ጊዜ የማይሰጥ ያው ገፋ ነው።"

ቤታቸው ደረሱ። ወይዘሮ ኢፍቱ ግን ወደ ቤት አልገቡም። ደጃቸው ላይ ቆመው ፊታቸውን ወደመጡበት መለሱ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከዛፎቹ በላይ ጫፉ ብቻ ይታያል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ጋሮማ የሚሉትን አልሰማም፤ ሊሰማም አልወደደም፤ ራቅ ብሎ ቆመ። ያ ነገር ረጅም ጊዜ ወሰደ። አያንቱ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ አይታ ተመለሰች።

"የማልኩት ለሷ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው። "ሳፈርስም የበደልኩት እሷን ነው። እስከዛሬ ከሷ የደበቅሁ መስሎኝ የተደበቅሁት ከሰው ነበር። ባዕድ መጥቶ ከሚያወጣብኝ እኔው ላውጣው።"

ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ አንዱን ድንጋይ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ታቅፈውት ነበር፤ ጥላሸቱ ነጭ ቀሚሳቸውን አጠቆረው። ጋሮማ ሊቀበላቸው ተንደረደረ።

"ተው። አንተ አትንካው።"

ሦስቱንም ድንጋዮች አንድ በአንድ አውጥተው ከደጃፉ ፊት ለፊት፣ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ጎለቷቸው። አያንቱ ጭራሮውን አመጣች። እሳቱ ሲያያዝ ጢሱ መጀመሪያ መሬት ለመሬት ሄደ፤ ከዚያ ነፋሱ አነሣውና ከባሕር ዛፉ በላይ አወጣው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከላይኛው ሰፈር በግልጽ የወጣ የመጀመሪያው ጢስ እሱ ነበር።

ከማዶ ያለችው ጎረቤት ወደ በሯ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ጢሱን አየች፤ ወይዘሮ ኢፍቱን አየች፤ ጋሮማንም አየች። ሰላምታ አልሰጠችም። ገባችና በሩን ዘጋችው። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቤት መስኮትም ተዘጋ።

"እነሱም ያውጡ አያውጡ አላውቅም" አሉ ወይዘሮ ኢፍቱ። "እኔን ግን ዛሬ ከሰው አውጥተኸኛል።"

ጋሮማ ይቅርታ እንዳይል፣ የሠራው ነገር ትክክል ነው ብሎ ያምናል። ትክክል ነው እንዳይል፣ የተዘጋውን በር እያየ ነው። ሰኞ ማታ የሚሆነውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ሆኖ፣ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

አያንቱ ኪያን ይዛ ወጣችና ነፋሱ ጢሱን በማያመጣበት በኩል በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኗ በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሳል እሳቱን እያየች ጸጥ አለች። ወይዘሮ ኢፍቱ ሌላ በርጩማ እንዲያመጡላቸው አልጠየቁም። ጢሱ በሚሄድበት በኩል ዞረው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።